የደጃፉ ጨው

ሄዘር ከልጇ ቀብር እንደተመለሰች ጥቁር ኮቷን ሳታወልቅ የጨው ካርቶኑን ከኩሽና አነሳች። ጥንቆላ ከጀመረች ወዲህ፣ የሙታን መንፈስ እንዳይገባ በእንግሊዟ ሊድስ ከተማ በሚገኘው አፓርትማቸው ደጃፍ ላይ ጨው ሳትነሰንስ መሽቶባት አያውቅም። አሁንም እጇ እንደ ልማዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነሰነሰ። አላለቀሰችም፤ ምንም አልተሰማትም።

ባሏ መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «አንቺ ጠንቋይ፣ ለሾርባው እንኳ ትንሽ አስተርፊልን እንጂ!» ብሎ ይስቅባት ነበር። ዛሬ ግን የቀብሩን ሱፍ እንደለበሰ ተንበረከከና ጨዉን በመዳፉ ይጠርግ ጀመር።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለችው። «አንተ በዚህ ነገር አታምንም እኮ።»

«ማመኑንስ አላምንም» አለ ቀና ሳይል። «ግን ልጃችን በየት ይግባ?»