አራተኛው ስክሪን

ለቴክኒሻኗ በር የከፈተችላት ሚስትየዋ ናት። ካስገባቻት በኋላ ቁልፉን ሁለቴ አዞረችና ኪሷ ውስጥ ከተተችው። «ባለቤቴ ሌባ ይፈራል» አለች፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋ።

ባልየው መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ውስጥ በነጠላ ጫማ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ጠረጴዛው ላይ መዳፍ የምታህል ኮምፒውተርና አራት ትልልቅ ስክሪኖች ተደርድረዋል። በቤቱ ውስጥ ካሜራዎች ተገጥመዋል፤ እሱ የሚፈልገው ወጥ ቤቱን፣ ኮሪደሩን፣ ግቢውንና የውጭውን በር አንድ ላይ ማየት ነው።

ቴክኒሻኗ ትንሿ ኮምፒውተር ብቻዋን በዚህ ጥራት ከሦስት ስክሪን በላይ እንደማትሸከም ነገረችው። ጥራቱን እንቀንሰው ብትለው አሻፈረኝ አለ።

«ማን እንደወጣ፣ በእጁ ምን እንደያዘ መለየት አለብኝ። የበሩ ከሌለ ሦስቱ ምን ያደርጉልኛል?»

ሦስቱን ሰካካች። ሚስትየዋ ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው ትሸጋገር ጀመር፤ ወጥ ቤት ዕቃ ስታነሳ፣ ኮሪደሩን ስታቋርጥ፣ ግቢ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ። ባልየው ዓይኑን አልነቀለም። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ደቂቃ ይቆጥራል።

የቴክኒሻኗ ታላቅ እህትም እንዲህ እርምጃዋን የሚቆጥርባት ባል ነበራት፤ ያኔ ማንም አልደረሰላትም። ክፍሉ ጠበባት፤ የተቆለፈባት እሷ ራሷ መሰላት።

ሚስትየዋ ውሃ ይዛላት ስትገባ ባልየው ከስክሪኖቹ ዞር አላለም። ቴክኒሻኗ ገመድ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ ብላ ተጠጋቻት።

«እትዬ፣ ስጨርስ አብረን እንውጣ። የሚሄዱበት አደርስዎታለሁ» አለቻት በሹክሹክታ።

ሚስትየዋ ፈገግ ብላ ትከሻዋን ቸብ አደረገቻትና ወጣች።

ቴክኒሻኗ ተስፋ አልቆረጠችም። ቶሎ ጨርሳ ለመውጣት ከቦርሳዋ አንድ ስክሪን ለብቻው የሚያሠራ ማገናኛ አወጣችና በቀረው የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ሰካችው። አራተኛው ስክሪን ጥቂት ጠቆረና በራ። ምስሉ የበሩ እጀታ ላይ ያለው ጭረት እንኳ እስኪለይ ድረስ ጥርት ያለ ነው። ሚስትየዋ ባዶ ዘንቢል አንጠልጥላ ወጣች፤ በሩን ከውጭ ቆለፈች፤ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ተሰወረች።

አመለጠች! የቴክኒሻኗ ልብ ዘለለ። ባልየው በቁጣ እስኪነሳ ድረስ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጠበቀች።

ባልየው ግን ከጠረጴዛው ሥር አንድ የተሞላ ሻንጣ ጎትቶ አወጣ።

«ዘንቢል ከያዘች እስክትመለስ ግማሽ ሰዓት አለን። ልጄ፣ ካቻቪቴሽ የበር ማጠፊያ ይፈታል?»