ለአስካለ ጆሮ ብቻ

አስካለና ባሏ ጌጤነህ በተኳረፉ ቁጥር ሽማግሌያቸው አንድ የኢንተርኔት ራዲዮ ነበር። እሷ ከጓዳ ሆና «ለባለቤቴ ዘፈን ጋብዙልኝ» ብላ ትልካለች፤ እሱ ሳሎን ስሙ ሲጠራ ኩርፊያው ይበርዳል።

ራዲዮው ተዘጋ። ደግነቱ ዘመኑ ሠልጥኗል! በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት አዲሶቹ ጣቢያዎች ለእያንዳንዱ ጆሮ የራሱን ዘፈን ይፈጥራሉ፤ አንዱ የሰማውን ሌላው አይሰማም።

ዛሬም ተኳርፈዋል። አስካለ ጣቢያ ስትቀያይር ውላ አንዷን «እባክሽ፣ ለባሌ ጋብዥልኝ» አለቻት።

«ይቅርታ እመቤቴ፣ የእርስዎ ዘፈን ለእርስዎ ብቻ ነው» አለች ጣቢያዋ በማር አንደበት። «ማዘንዎን ግን ከልብ ትርታዎ ተረድቻለሁ።»

ወዲያው ባሏ ስላኮረፋት አንዲት ሴት የሚናገር ዘፈን ዘፈነችላት። አስካለ እውነቱን አልካደችም፤ እንዲህ ያለ ግሩም ዘፈን ሰምታ አታውቅም።

ዘፈኑ ሲያልቅ ጌጤነህ ሳሎን ውስጥ እያለቀሰ አፍንጫውን ሲስብ ሰማች። ለእሱም የራሱ ግሩም ዘፈን ደርሶታል ማለት ነው።