ቀይና ሰማያዊ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የኤካርት ስም ግን ባለቤቱ በቁሙ እያለ መቃብር አፋፍ ደርሷል። በርሊንን ሠላሳ ዓመት ያስጨፈረ ዲጄ ነው። አሁን ኢንተርኔት ላይ «በድሮ ስሙ ነው የሚበላው» እያሉ ይጽፉበታል። እሱም አንድ ሳያስቀር ያነበዋል፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ የሚያናግረው ሰው የለም።

የቀረችለት ወንዝ ዳር ባለው ክለብ የእሑድ ከሰዓት ጭፈራ ነበረች። የክለቡ ባለቤት ዚልከ እሷንም ልትነጥቀው ነው።

«ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም፣ ኤካርት» አለችው። «ዛሬ አንተና ሚሎ እኩል ትጫወታላችሁ። እሑድን ሕዝቡ ለመረጠው እሰጣለሁ።»

«ማንን እንደመረጠ በምን ታውቂያለሽ?»

«በመብራቱ ነዋ።»

ጎረቤት በጩኸት ከከሰሳቸው ወዲህ ክለቡ ድምፅ ማጉያ አይጠቀምም። ጨፋሪው ሁሉ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ይደፋል። ቁልፉን ሲነካ ካንዱ ዲጄ ወደ ሌላው ይዞራል፤ የማዳመጫው መብራትም አብሮ ይለወጣል። የድምፅ ባለሙያው ኡቬ የኤካርትን ጠረጴዛ ከቀዩ መብራት፣ የሚሎን ከሰማያዊው ጋር አገናኘ። ዚልከም «ቀዩ ኤካርት፣ ሰማያዊው ሚሎ» ብላ ለሕዝቡ አወጀችና ኡቬን አስከትላ ቋሊማ ልትገዛ ሄደች።

ሚሎ ጢሙ ገና ያልጠና ልጅ ነው። ያዘቀዘቀችው ፀሐይ ፊቱን ትመታው ጀመር።

«አለቃ፣ ዓይኔ ጠፋ። ቦታ ብንቀያየርስ? አንተ የፀሐይ መነጽር አድርገሃል።»

«ዓይን ምን ያደርግልሃል? በጆሮህ ተጫወት» አለው ኤካርት። ያም ሆኖ ሸክላዎቹን ተሸክሞ ወደ ልጁ ጠረጴዛ ተሻገረ፤ ልጁም ወደ እሱ።

ሲጀምሩ የጭፈራው ሜዳ ቀይ በቀይ ነበር። ኤካርት ደስ አለው። ከዚያ አንዱ ቁልፉን ነካና ሰማያዊ ሆነ። ጓደኛውን ጎሸመው፤ ጓደኛውም ሰማያዊ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ሜዳው በሙሉ ሰማያዊ ለበሰ።

ኤካርት በዕድሜው እንደዚያ ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ያለውን ሁሉ አወጣ፤ የደበቀው ሸክላ አልነበረም። ሕዝቡ ይዘላል፣ ይተቃቀፋል። እሱ ግን የሚዘሉበትን እግር ማየት አልፈለገም። መብራታቸውን ብቻ ነበር የሚያየው።

ቀይ እንዳበራች የቀረችው አንዲት ሽበታም ሴት ናት፤ ሮዝቪታ፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ በሄደበት ሁሉ ስትከተለው የኖረች። እሷም አልጨፈረችም። ማዳመጫዋን እየነካካች፣ እንደ ለቅሶ ደራሽ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። አዝናልኝ ነው አለ በልቡ። ይሄ ከሁሉም ባሰበት። ያን ያህል ሰው መሀል ሆኖ እንደዚያ ብቸኝነት ተሰምቶት አያውቅም።

ዚልከ ቋሊማዋን እያኘከች መጣችና ሜዳውን ቃኘች።

«አየህ?»

«አየሁ።»

«ጨካኝ አይደለሁም፣ ኤካርት።»

«አውቃለሁ። ልጁ ይችላል።»

ትከሻውን መታ መታ አድርጋው ወደ ሚሎ አቀናች። ኤካርት ሸክላዎቹን ሰብስቦ ቦርሳውን አነገተ። የመጨረሻው ሸክላ ገና እየዞረ ሳለ ድምፁን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገና፣ ማንንም ላለማየት ጀርባውን ሰጥቶ በወንዙ ዳር መንገድ ጀመረ።

ከኋላው ሚሎ አንገቱን ደፍቶ ማጫወቱን እንደቀጠለ ነበር፤ ሰማያዊ ያበራው ሕዝብ ግን በሙሉ ማዳመጫውን በእጁ ይዞ ባንድ ጊዜ ቀጥ አለ።