የጸሐፊው አብሾ

ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ዝቅ ብሎ ባለው ቀበሌ፣ አረጋዊ የሚባለው ጸሐፊ አብሾ እንዳለበት ያልሰማ ሰው አልነበረም።

አብሾ የቆሎ ተማሪ ትምህርት እንዲገባው፣ የገባውም እንዳይጠፋው ብሎ የሚጠጣው የዕፅ ጭማቂ ነው። አእምሮ ይከፍታል ይባላል፤ ጣጣው ግን የዕድሜ ልክ ነው። አብሾ የጠጣ ሰው መጠጥ የቀመሰ ቀን ያብዳል። ያገኘውን ይሰብራል፣ በሆዱ ያለውን ሁሉ ይዘረግፋል።

ስለዚህ ሰፈሩ አረጋዊን ከመጠጥ ይጠብቀው ነበር። ሠርግ ላይ ጠላ የሚቀዳው ሰው እሱ ዘንድ ሲደርስ ይዘለዋል። ራሱም ቀድሞ ብርጭቆውን በእጁ ይከድንና «ለእናንተው ብዬ ነው» ይላል። የአዋጅ አንቀጽ በቃሉ ሲያነበንብ የሰማ ሁሉ «ታዲያ ይሄ ያለ አብሾ ይሆናል?» ይል ነበር። ሲያብድ ያየው ሰው የለም፤ ለማየት የጓጓም አልነበረም።

ያን እሑድ ጠዋት ቀበሌው የተሰበሰበው ፀሐይነሽን ከቤቷ ለማስወጣት ነው። ፀሐይነሽ ባሏ ሞቶባት፣ አረቄ እያወጣች ሁለት ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። ሊቀመንበሩ ጓድ ጉግሳ ቤቷን ለሚስቱ ወንድም ፈልጎታል። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ግን ጊዜው የደርግ ነው፤ የተናገረ ሰው የት እንደሚገባም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

የቀበሌዎች የበላይ ከሆነው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ጓድ ገብረየስ የሚባል እንግዳ መጥቶ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ጓድ ጉግሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጓዶች! ኋላ ቀር እምነትን ከነሥሩ ነቅለን እንጥላለን!»

ተጨበጨበ። ቀጥሎ አንድ ሙሉ ጠርሙስ አረቄ አውጥቶ፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው አረጋዊ ፊት አስቀመጠ።

«ይህች ሴት ያለ ፈቃድ አረቄ ትሸጣለች። ማስረጃው ይኸው! ቤቱን ትልቀቅ የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

እጆች እያፈሩ ወጡ።

«ልጆቼን ይዤ የት ልውደቅ?» አለች ፀሐይነሽ።

አረጋዊ ብዕሩን ከደነ። መነጽሩን አውልቆ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ማስረጃውን ብድግ አድርጎ አንደቀደቀው።

«አብሾ!» ብሎ መጀመሪያ የጮኸው ራሱ ጓድ ጉግሳ ነው።

አዳራሹ ተተራመሰ። በበር ያልቻለ በመስኮት ዘለለ። ጓድ ገብረየስ ጠረጴዛ ሥር ገባ። አረጋዊ ቀለሙን በሊቀመንበሩ ካኪ ላይ ደፋ፤ መነሣት ያቃታቸውን አሮጊቶች ዞር ብሎ አለፈና የሊቀመንበሩን ወንበር ከግድግዳ አጋጨው።

«የቀበሌው ሱቅ ስኳር የት ገባ?» እያለ ጮኸ። «አይጥ በላው አላችሁን! አይጡ ጉግሳ ነው! ኩንታሉን አልጋው ሥር ሸሽጎታል! የዚህችን ሴት ቤትም ለሚስቱ ወንድም ሊሰጠው ነው!»

«አትስሙት!» አለ ጓድ ጉግሳ። «አብሾው ነው የሚናገረው! ሰውዬው ራሱን አያውቅም!»

አራት ጎረምሶች አረጋዊን ተረባርበው በገመድ አሰሩት። ያኔ ጓድ ገብረየስ ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ጉልበቱን አራገፈ።

«የእኔም አጎት አብሾ ነበረበት» አለ። «ራሱን አያውቅም ብለህ አንተው መስክረሃል፤ ስለዚህ ሰውዬው አይጠየቅም። ግን አብሾ ያለበት ሰው ያብዳል እንጂ አይዋሽም። እስቲ አልጋህን እንየው።»

«ጓድ፣ ይሄ እኮ ኋላ ቀር እምነት ነው!»

«ይሁን። አልጋውን እንየው።»

ኩንታሉ ከአልጋው ሥር እየተጎተተ ሲወጣ ሴቶቹ እልል አሉ። ጓድ ጉግሳ ቀለም እንደተነከረ ተወሰደ። የፀሐይነሽ ጉዳይም ማስረጃው ስለተጠጣ ተዘጋ።

አመሻሹ ላይ አረጋዊን «በርዶለታል» ብለው ፈቱት። በቀጥታ ፀሐይነሽ ቤት ሄደ። እሷም ጉልበቱን ልትስም ተደፋች።

«ጋሼ፣ በእኔ የተነሣ ያን ሁሉ ሆኑ! ምን ላድርግልዎ? ሻይ ላፍላ?»

«አረቄ ቅጂልኝ።»

ፀሐይነሽ በስመ አብ ብላ አማተበች። እምቢ እንዳትለው ቤቷን ያተረፈላት እሱ ነው። ልጆቿን ጎረቤት ሰደደች፣ ቢላዋዋን ደበቀች፣ ምድጃውን ወደ ጓሮ አወጣች። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። ከዚያ አንድ መለኪያ ቀዳችለትና ለመሮጥ ተዘጋጅታ ደጃፉ ላይ ቆመች።

አረጋዊ መለኪያውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠና አፉን ጠረገ። «ይሄስ ደህና ነው» አለ ዝግ ብሎ፤ «የጠዋቱ ውሃ በዝቶበት ነበር። ድገሚኝ።»