የይማም የመጨረሻ ትንበያ

ባሕሩ የአፋርን ሜዳ ከሸፈነ ወዲህ፣ ሬዲዮኑ የማዕበሉን ትንበያ የሚናገረው ባሕር በበላው ጀልበኛ ድምፅ ነው፤ ሰው የሟችን ምክር አይንቅምና። ሰሚው «ሰምቻለሁ» እስኪል ድረስም ይደጋግመዋል። የዘንድሮው ድምፅ የዘምዘም ባል የይማም ነበር፤ ከነገ ጀምሮ በሌላ ሟች ይተካል።

ዘምዘም ሬዲዮኑን ከሻይ ብርጭቆዋ አጠገብ አስቀምጣ ታዳምጣለች።

«ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይበረታል፤ በጊዜ ተመለሱ» አለ ይማም።

ጎረቤቷ እንድሪስ ከውጭ ተጣራ። «አንቺ ዘምዘም፣ ውሃው እየሸሸ ነው። ጀልባሽ አሸዋ ላይ ልትቀር ነው፤ ሰምቻለሁ በይና እንውጣ።»

«በሕይወት ሳለ አንዴ የተናገረውን አይደግምም ነበር» አለችው። «ዛሬ ይድገምልኝ።»

ውሃው ሸሸ፤ ጀልባዋም አሸዋው ላይ ተጋደመች።

«በጊዜ ተመለሱ» አለ ይማም።

«አንተስ?» አለችው።

እሱም ከመጀመሪያው ጀመረ።