ተረኛው
ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ጸጉር ቤት መብራት ሄዶ ቴፑም ቶንዶዙም ጸጥ ሲሉ፣ ባለቤቱ ሽማግሌ ምላጭ አነሱ። እጃቸው ክፉኛ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለጓደኛው ሰርግ ሚዜ ሊሆን ሻንቶ የሚሄደው ወጣት፣ ፊቱ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ትንፋሹን ዋጠ። ምላጩ ቀኝ ጉንጩ ዘንድ ሲደርስ ግን ትንሿ ጣታቸው ቆዳው ላይ ተደገፈችና እጃቸው አደብ ገዛ። ከፊቱ ሲርቅ መልሶ ተንቀጠቀጠ። ይሄ እንዴት ይሆናል? ወጣቱ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳይነቅል ያንን እጅ ብቻ ተከታተለ።

“የማን ሰርግ ነው ያልከኝ?” አሉ ሽማግሌው።

“የጓደኛዬ ነው፣ ጋሼ። ሻንቶ።”

“ይባረክ!” ምላጩን በፎጣ ጠረጉ። “የማን ሰርግ ነው ያልከኝ?”

ደግሞ መለሰላቸው። ሐሳቡ ሁሉ እጃቸው ላይ ስለነበር የጥያቄው መደገም አልከነከነውም። ውጭ የሚኒባሱ ረዳት “ሻንቶ! አንድ ሰው! ሻንቶ!” እያለ ይጮኻል።

ሽማግሌው ድንገት ፎጣውን ከአንገቱ ፈትተው አራገፉ። “አለቀ! አምሮብሃል።”

ወጣቱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ቀኝ ጉንጩ አንዲት ጠብታ ደም ሳትታይበት ጥርት ብሎ ተላጭቷል፤ ግራው ላይ ያለው ሳሙና ግን ጨርሶ አልተነካም። ያን ጊዜ ነው ከእጃቸው ወደ ዓይናቸው ቀና ያለው። ዓይናቸው ሥራውን እንደጨረሰ ሰው ዓይን ረክቶ፣ ሰው በሌለበት አግዳሚ ወንበር ላይ ይዞር ነበር።

“ተረኛ ማነው?” አሉ።

ውጭ ሚኒባሱ ሞተሩን አስነሳ።

“እኔ ነኝ፣ ጋሼ” አለና ግራ ጉንጩን አዞረላቸው።