የሚቀምሰው የጠፋ ዳቦ

ረቢአ የመጨረሻውን ትሪ ከምድጃው ስባ አወጣች። ዳቦው ጠቁሯል፤ አርሮ ሳይሆን ገሸር፣ ማለት የቡና ገለፈት፣ ተፈጭቶ ስለገባበት ነው። ጅዳ ያሠራቻት እመቤት ኬክ ጋግራ የምትሸጥ ነበረች፤ የካካዎ ገለፈት አስፈጭታ ከሊጡ ጋር ታስቦካው ነበር። ከሚሴ ካካዎ ከየት ይመጣል? ገሸሩ ግን በየመፈልፈያው ደጅ ተቆልሎ ነፋስ ይጫወትበታል።

የዳቦ ቤቱ ባለቤት አጎቷ እንድሪስ አንዱን አንስቶ አገላበጠው፤ አሸተተው።

«ሽታውስ ደግ ነው» አለ። «ማን ቀመሰው?»

«ማን ይቀምሰዋል አጎቴ? ሁላችን ጾመኛ።»

«እንግዲያው አይወጣም። ሰው ቀኑን ሙሉ ጾሞ በመራራ ቢያፈጥር እኔን ነው የሚረግመው። ለፍየሎች ስጪው።»

ዳቦው ዛሬ ለገዢ ከበቃ ከነገ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ምድጃው የረቢአ እንዲሆን አጎቷ ቃል ገብቶላታል፤ ካልበቃ ደላላው ነገ ጠዋት ፓስፖርቷን ሊወስድ ይመጣል፤ እንደገና ዐረብ አገር። አጎቷ ያለውን የማያጥፍ ሰው ነው፤ ጭንቁም እሱ ነው።

«በምላሴ ጫፍ ነካ አድርጌ ልትፋው» አለች። «ለምታበስል ሴት ይፈቀዳል ይላሉ።»

«ይበሉ። እኔ ቤት ግን ወላሂ አይሆንም።»

ለማፍጠሪያው ለመግሪብ ጥቂት ቀርቷል፤ በሩ ላይ ሰው መሰብሰብ ጀምሯል። የእንድሪስ ሚስት ሀጀራ ጥግ ተቀምጣ ቴምር ትለቅማለች። ሌሊት ከሁሉም ጋር ጎህ ሳይቀድ ለሚበላው ሱሁር ተነስታለች፤ ቀኑን ሙሉም ውሃ ስትነካ ያያት የለም። አሁን ሻርቧን አስተካክላ ተነሳች። ከትሪው ቆረሰችና ባሏ ፊት ለፊት አኝካ ዋጠች።

ረቢአ ክው አለች። ወዲያው ገባት፣ ፊቷም ጋለ። የወር አበባ የመጣባት ሴት አትጾምም፤ ግን ማንም እንዳያውቅ ከጾመኛው ጋር ተመሳስላ ትውላለች፣ ከወንድ ፊትማ ጉንጭ ውሃ አትጎነጭም። ሀጀራ በትዳር ዘመኗ ሁሉ እንዲያ ነበረች።

እንድሪስ የሚያይበት ጠፋው። የምድጃውን በር ዘጋ፤ መልሶ ከፈተ።

«ጋሪዳ» አለች ሀጀራ፣ በኦሮምኛ። «ደህና ነው። ጨው ብቻ ያንሰዋል፤ ነገ ጨምሪበት።»

እንድሪስ ትሪውን በሁለት እጁ አንስቶ ወደ ገዢዎቹ ወጣ። ሀጀራም ፍርፋሪውን ከሻርቧ ላይ አራግፋ ወደ ቴምሯ ተመለሰች።

ረቢአ የጨዉን ቆርቆሮ ከመደርደሪያው አወረደችና ነገ እንዳትረሳው ከማቡኪያው ገንዳ አጠገብ አስቀመጠችው።